ፀሐይን በከዋክብት፣ ከዋክብትን በፀሐይ

ቡና የሚባል ኮከብ አለ። ዙሪያውን የሚዞረው ፕላኔት ደግሞ አቦል ይባላል። ስሞቹ የወጡት ከኢትዮጵያ ነው፤ ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት በ2019 መቶኛ ዓመቱን ሲያከብር ለየአገሩ አንድ ኮከብና አንድ ፕላኔት ሰጥቶ ስም እንዲያወጡ ጋብዞ ነበር (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ቡና የሚገኘው አንድሮሜዳ በተባለው የሰማይ ክፍል ነው። ርቀቱ 200 የብርሃን ዓመት ግድም ስለሆነ በዓይን ብቻ አይታይም፤ ጥሩ የሩቅ መነጽር ይፈልጋል። ያም ሆኖ ሙቀቱን እናውቃለን። ከፀሐይ በጥቂቱ እንደሚከብድ፣ አቦልም ጁፒተርን በብዙ እጥፍ የሚበልጥ የጋዝ ፕላኔት እንደሆነ እናውቃለን።

እዚያ የደረሰ ሰው የለም፤ መሣሪያም አልተላከም። ከቡና እኛ ዘንድ የደረሰው ብርሃኑ ብቻ ነው። ታዲያ ከአንዲት የብርሃን ነጥብ ይህን ሁሉ ማወቅ እንዴት ተቻለ? ይህ ዳሰሳ የሰው ልጅ ለዚህ ጥያቄ ያገኛቸውን መልሶች በየተራ ያያል። በየምዕራፉ ደጋግሞ የሚመጣው ሐሳብ ግን አንድ ነው። ፊቱን በቅርብ የምናየው ኮከብ ፀሐይ ብቻ ስለሆነች ከዋክብትን ያወቅናቸው በእሷ ነው። የፀሐይን ልደት፣ ዕድሜና ፍጻሜ ያወቅነው ደግሞ በከዋክብት ነው።

ዓይን የደረሰበት

ገበሬ ፀሐይ በየትኛው ወር ከየትኛው ኮረብታ አናት እንደምትወጣ ያውቃል። በሰኔ ወደ ሰሜን ታጋድላለች፣ በታኅሣሥ ወደ ደቡብ። ሙሉ ይዘቱ በግዕዝ ተጠብቆ የኖረው መጽሐፈ ሄኖክ ይህንኑ ጉዞ በምሥራቅ ስድስት፣ በምዕራብም ስድስት ደጆች አድርጎ ይገልጸዋል፤ ዓመቱንም 364 ቀን ያደርገዋል። ሰዓት ከንጋት ጀምረን የምንቆጥረውም ያለ ምክንያት አይደለም። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ብቻ ስለሆነች የዓመቱ ረጅሙና አጭሩ ቀን የሚለያዩት በአንድ ሰዓት ገደማ ነው። ንጋት ቦታውን የማይለቅበት አገር ሰዓቱን ከንጋት ቢጀምር ያምርበታል።

ፀሐይ አዲስ አበባ ላይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ገደማ፣ እኩለ ቀን ላይ ቀጥ ብላ አናት ትሆናለች። በእነዚያ ቀናት ቀጥ አድርጋችሁ ያቆማችሁት እንጨት ጥላ ያጣል። ከዚህ ቀላል ነገር ትልቅ ዕውቀት ወጥቷል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው ምዕተ ዓመት የእስክንድርያው ኤራቶስቴንስ፣ ዓባይ ዳር ባለችው አስዋን በአንድ ቀን ጥላ ሲጠፋ በእስክንድርያ ግን እንደማይጠፋ ተረዳ። የጥላው ማዕዘን የክብ አንድ ሃምሳኛ ሆኖ አገኘው። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን ርቀት በሃምሳ አባዝቶም የምድርን ዙሪያ ለእውነቱ በቀረበ መጠን አሰላ። የሰማይ ልኬት የተጀመረው በጥላ ነው።

ዓይን ብቻውን ግን ፀሐይና ከዋክብት አንድ ዘር መሆናቸውን ሊነግረን አይችልም። አንዷ ቆዳ ታቃጥላለች፤ ሌሎቹ ከኩራዝ ብልጭታ አይበልጡም። ግሪካዊው አናክሳጎራስ ፀሐይ የጋለ ድንጋይ ናት ብሎ በአቴና ተከሶበታል። ግምቱ ስህተት ቢሆንም ፀሐይን እንደ ቁስ ለመመርመር መድፈሩ የዛሬው ዕውቀት አንድ ጅማሬ ነው።

ስንት ይርቃሉ?

ልዩነቱ የሚፈታው ርቀታቸው ሲታወቅ ነው። በ1761 እና በ1769 ቬነስ፣ እኛ አጥቢያ ኮከብ የምንላት ፕላኔት፣ በፀሐይ ፊት ለፊት አለፈች። የብዙ አገር ተመልካቾች ከተለያዩ የምድር ማዕዘናት የማለፊያዋን ጊዜ ለኩ። ልኬቶቹ ሲነጻጸሩ የፀሐይ ርቀት ዛሬ ከሚታወቀው 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ጋር ተቀራረበ። ብርሃን ይህን መንገድ በ8 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ይጨርሰዋል። ርቀቱ ሲታወቅ ስፋቱም ታወቀ፤ በፀሐይ ወገብ ላይ 109 ምድሮች ጎን ለጎን ይደረደራሉ።

የከዋክብት ርቀት የባሰ ትዕግሥት ጠየቀ። አውራ ጣታችሁን ፊታችሁ አቁማችሁ አንዱን ዓይን ጨፍኑ፤ ቀጥሎም ሌላውን። ጣቱ ከበስተጀርባው ካለው ግድግዳ አንጻር ይዘላል። ምድር በስድስት ወር ከፀሐይ ወዲያና ወዲህ ስትሆን ልክ እንደ ሁለቱ ዓይኖች ናት። ስለዚህ ቅርብ ያለ ኮከብ ከሩቆቹ አንጻር በጥቂቱ መዝለል አለበት። ጀርመናዊው ፍሬድሪክ ቤሰል በ1838 በአንድ ደብዛዛ ኮከብ ላይ ይህን ዝላይ ለካ። ማዕዘኑ ከስድስት ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ የተቀመጠ የአንድ ሳንቲ ሜትር ዕቃ የሚታይበትን ያህል ነበር። የኮከቡ ርቀት 11 የብርሃን ዓመት ያህል ሆነ። አንድ የብርሃን ዓመት 9.5 ትሪሊዮን ኪሎ ሜትር ነው።

ቁጥሩ በአእምሮ አልጨበጥ ካለ በቤት ዕቃ እንየው። ፀሐይ 60 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያላት የእንጀራ ምጣድ ብትሆን ምድር ከምጣዱ 64 ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ አንዲት ትንሽ የአተር ፍሬ ትሆናለች። ከፀሐይ ቀጥሎ ያለው ቅርቡ ኮከብ ፕሮክሲማ ሴንታውሪ ደግሞ 17 ሺህ ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን ካለው መንገድ አንድ ጊዜ ተኩል ግድም ማለት ነው። በመካከል ያለው ባዶ ነው።

ርቀት ከታወቀ የኮከቡን እውነተኛ ድምቀት ማስላት ይቻላል። በሌሊት ሰማይ ከሁሉ ደምቆ የሚታየው ሲሪየስ በእውነቱ የፀሐይን 25 እጥፍ ያህል ብርሃን ይሰጣል። ፀሐይን ወስደን በእሱ ርቀት፣ በ8.6 የብርሃን ዓመት ላይ ብናስቀምጣት ከእሱ እጅግ የደበዘዘች ተራ ነጥብ ትሆን ነበር። ፀሐይ ኮከብ መሆኗ በቁጥር የተረጋገጠው እንዲህ ነው።

የብርሃን ፊደል

ፈረንሳዊው ፈላስፋ ኦግስት ኮንት በ1835 ከዋክብት ከምን እንደተሠሩ የሰው ልጅ ከቶ አያውቅም ሲል ጽፎ ነበር። ምክንያቱም ግልጽ ነበር፤ ከኮከብ ቆርሶ ላቦራቶሪ የሚያመጣ የለም።

መልሱ ግን ምድጃ አጠገብ ነበር። ቆንጥር ጨው እሳት ላይ ብትበትኑ ነበልባሉ ለቅጽበት ደማቅ ቢጫ ይሆናል። ያ ቢጫ በጨው ውስጥ ያለው የሶዲየም ፊርማ ነው፤ እያንዳንዱ ንጥረ ነገር የራሱ ቀለማት አሉት። ጀርመናዊው የመስተዋት ባለሙያ ዮሴፍ ፍራውንሆፈር በ1814 የፀሐይን ብርሃን እንደ ቀስተ ደመና ሲዘረጋው በቀለማቱ መካከል በመቶዎች የሚቆጠሩ ጥቁር መስመሮች አግኝቷል። ተመራማሪዎቹ ኪርሾፍና ቡንሰን በ1859 ገደማ በሃይደልበርግ ትርጉማቸውን ፈቱ። መስመሮቹ በፀሐይ ከባቢ ያሉ ንጥረ ነገሮች እየመረጡ የዋጧቸው ቀለማት ነበሩ። ከመካከላቸው የጨው ሶዲየም ነበረ፤ ብረትም ነበረ። ኮንት ከሞተ ሁለት ዓመት አልፎ ነበር።

ይህ ፊደል ከዚያ በኋላ ያልታሰበ ነገር አስነበበ። በ1868 በሕንድ በታየው የፀሐይ ግርዶሽ ጊዜና ከዚያ በኋላ ተመራማሪዎች በምድር የማይታወቅ ቢጫ መስመር አዩ። የማይታወቅ ንጥረ ነገር ነው ብለው በግሪክኛው የፀሐይ ስም ሂሊየም አሉት። በምድር የተገኘው ከ27 ዓመት በኋላ፣ በ1895 ነው። ዛሬ የልጆችን ፊኛ ሽቅብ የሚያወጣው ጋዝ አስቀድሞ የታወቀው በፀሐይ ላይ ነው።

ትልቁን ንባብ ያነበበችው ግን የ25 ዓመት ወጣት ናት። እንግሊዛዊቷ ሴሲሊያ ፔይን በ1925 በሃርቫርድ በሠራችው የዶክትሬት ጥናት ከዋክብት በአብዛኛው ሃይድሮጂንና ሂሊየም እንደሆኑ አሰላች። በዘመኑ ሊቃውንቱ የፀሐይ ሥሪት ከምድር ብዙም አይለይም ብለው ያምኑ ነበር። ታላቁ የሥነ ፈለክ ሊቅ ሄንሪ ኖሪስ ራስል ውጤቱ ሊሆን አይችልም ስላላት፣ እሷም በጽሑፏ ቁጥሩ እውነተኛ ላይሆን ይችላል ብላ አለዘበችው። ከአራት ዓመት በኋላ ራስል በራሱ መንገድ እዚያው ደረሰና ትክክል እንደነበረች አመነ። ዛሬ እንደምናውቀው ከፀሐይ ክብደት ሦስት አራተኛ የሚጠጋው ሃይድሮጂን፣ ሩብ ያህሉ ሂሊየም ነው፤ ብረቱ፣ ኦክስጅኑና የቀረው ሁሉ ተደምሮ ከመቶ ሁለት አይሞላም። ይህ ታሪክ ለጀማሪ የሚያስተምረው አለ፤ ልኬትና የሊቅ ቃል ሲጋጩ ልኬቱን በድጋሚ መመርመር እንጂ መቅበር አይገባም።

መስመሮቹ ንጥረ ነገርን ብቻ አይደለም የሚናገሩት። ኮከቡ ወደ እኛ ሲመጣ ወደ ሰማያዊ፣ ሲርቅ ወደ ቀይ ጥቂት ይንሸራተታሉ። የአቦል መኖር የታወቀውም ቡናን በስበቱ ወዲያና ወዲህ ሲያወዛውዘው መስመሮቹ እየተንሸራተቱ ሲመለሱ በመታየታቸው ነው።

ማገዶው

ምን ይነዳል? ፀሐይ የድንጋይ ከሰል ክምር ብትሆን በጥቂት ሺህ ዓመታት ነዳ ታልቅ ነበር። ሎርድ ኬልቪን በ19ኛው ምዕተ ዓመት ፀሐይ ወደ ውስጥ እየተኮማተረች ትሞቃለች ብሎ አሰበ። ስሌቱ ግን የሰጣት ዕድሜ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ነው፤ የምድርን ዐለት የሚያነቡት ደግሞ ከዚያ እጅግ የሚበልጥ ጊዜ ይጠይቁ ነበር።

ቋጠሮው የተፈታው በ20ኛው ምዕተ ዓመት ነው። አራት የሃይድሮጂን እምብርቶች ተዋህደው አንድ ሂሊየም ሲሆኑ ከክብደታቸው 0.7 በመቶው ይጎድላል። አንስታይን በ1905 እንዳሳየው የጎደለው ክብደት ጉልበት ይሆናል። አርተር ኤዲንግተን በ1920 የፀሐይ ማገዶ ይህ ነው ሲል ሐሳብ አቀረበ፤ ሃንስ ቤተ በ1930ዎቹ መጨረሻ ሂደቱን ደረጃ በደረጃ ዘረዘረው። በፀሐይ እምብርት፣ በ15 ሚሊዮን ዲግሪ ሙቀት፣ በየሰከንዱ 600 ሚሊዮን ቶን ያህል ሃይድሮጂን ሂሊየም ይሆናል፤ 4 ሚሊዮን ቶን ግድም ወደ ጉልበት ይለወጣል።

ይህን ሲሰሙ ብዙዎች የማያቋርጥ ፍንዳታ ይመስላቸዋል። እውነቱ ሌላ ነው። እኩል መጠን ቢወሰድ የሰው ገላ ከፀሐይ እምብርት የበለጠ ሙቀት ያመነጫል። ፀሐይ ኃያል የሆነችው በግዝፈቷ ነው፤ እሳቷ የተዳፈነ ፍም ያህል ቀስ ያለ ነው። ለዚህም ነው 4.6 ቢሊዮን ዓመት ነዳ ገና ግማሽ መንገድ ላይ ያለችው። ስበት ወደ ውስጥ ይጫናታል፣ የእምብርቷ ሙቀት ወደ ውጭ ይገፋል፤ ሁለቱ ሲመጣጠኑ ቅርጿ ይጸናል።

ይህን በስሌት ብቻ አላመንነውም። ውህደቱ ኒውትሪኖ የሚባሉ እጅግ ረቂቅ ቅንጣቶችን ይለቃል፤ በአውራ ጣት ጥፍር ስፋት በየሰከንዱ ከ60 ቢሊዮን በላይ ያልፋሉ፣ አንዳች አይሰማንም። ሬይ ዴቪስ በአሜሪካ ደቡብ ዳኮታ በአንድ የወርቅ ማዕድን ማውጫ 1.5 ኪሎ ሜትር ያህል ከመሬት በታች ግዙፍ በርሜል ተክሎ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ሲቆጥራቸው ከተጠበቀው ሲሶው ብቻ ተገኘ። ሠላሳ ዓመት ያህል ስሌቱ ነው ወይስ ቆጠራው የተሳሳተው ተባለ። በ2001 እና በ2002 በካናዳ የተገኘው ውጤት ጥያቄውን ዘጋው፤ ኒውትሪኖዎቹ በመንገድ ላይ ዓይነታቸውን ይቀይሩ ነበር። የፀሐይ ስሌትም የዴቪስ ቆጠራም ትክክል ነበሩ። ዴቪስ በ2002 የኖቤል ሽልማት ተካፈለ።

የከዋክብት ገበያ

የኮከብ ዕድሜ በቢሊዮኖች ዓመታት፣ የእኛ በአሥርት ይቆጠራል። የአንዱን ኮከብ እድገት ቁጭ ብሎ የሚከታተል የለም። ነገር ግን ሰው የማያውቅ እንግዳ አንድ ቅዳሜ ገበያ ውስጥ ቢቆም በጀርባ የታዘለ ሕፃን፣ የሚሯሯጥ ልጅ፣ የሚደራደር ጎልማሳና ምርኩዝ የያዙ አዛውንት በአንድ ቀን ያያል። ካስተዋለ የሰውን ዕድሜ መንገድ ይገነዘባል። ሥነ ፈለክም ያደረገችው ይህንኑ ነው።

መለያው ቀለም ነው። ብረት ቀጥቃጭ እንደሚያውቀው የጋለ ብረት መጀመሪያ ይቀላል፣ ሙቀቱ ሲጨምር ወደ ቢጫ፣ ከዚያም ወደ ነጭ ይሄዳል። ቀይ ኮከብ ገጹ 3 ሺህ ዲግሪ ገደማ፣ ፀሐይ 5,500፣ ሰማያዊ ነጭ ኮከብ ከ10 ሺህ በላይ ነው። የሥነ ፈለክ ተመራማሪዎቹ ሄርትስፕሩንግና ራስል በ1910ዎቹ መጀመሪያ ከዋክብትን በቀለምና በእውነተኛ ድምቀት አሰልፈው ሲሥሏቸው አብዛኞቹ በአንድ ጠባብ መስመር ተሰደሩ። መስመሩ ሃይድሮጂን በማዋሃድ ላይ ያሉት የጎልማሶች ሰልፍ ነው። ከሰልፉ ውጭ የቀሩት ያረጁት ናቸው።

የኮከብን ዕጣ የሚወስነው ሲወለድ የያዘው ክብደት ነው። ከባዱ ብዙ ማገዶ አለው፤ ግን አነዳዱ ከማገዶው ይብሳል። ፀሐይን አሥር እጥፍ የሚከብድ ኮከብ የሚኖረው ጥቂት አሥር ሚሊዮን ዓመታት ነው፤ ለፀሐይ 10 ቢሊዮን ተመድቦላታል። እንደ ፕሮክሲማ ያሉ ትናንሽ ቀያዮች ቆጥበው ስለሚነዱ በትሪሊዮኖች ዓመታት ይኖራሉ።

ፍጻሜና ውርስ

ስለዚህ የፀሐይን ነገ ከሽማግሌዎቹ እናነባለን። የዛሬ 5 ቢሊዮን ዓመት ገደማ የእምብርቷ ሃይድሮጂን ያልቅና እየተነፋች ትቀላለች፤ ሜርኩሪንና ቬነስን ትውጣለች። በመጨረሻም ውጫዊ ልብሷን ለጠፈር ለቅቃ ምድርን የምታህል ነጭ ድንክ ትሆናለች። ይህን የሚመስል ድንክ ጎረቤት አለን፤ በ1862 የታየው የሲሪየስ ጓደኛ ክብደቱ የፀሐይን፣ ስፋቱ የምድርን ያህል ነው። ከእሱ አንድ የሻይ ማንኪያ በቶኖች ይመዝናል።

የነጭ ድንክ ክብደት ግን ወሰን አለው። ሕንዳዊው ሱብራህማንያን ቻንድራሴካር በ1930፣ በ19 ዓመቱ፣ ለትምህርት በመርከብ ወደ እንግሊዝ ሲጓዝ ከተወሰነ ክብደት፣ ዛሬ እንደሚታወቀው ከፀሐይ 1.4 እጥፍ፣ በላይ የሆነ ድንክ ራሱን መሸከም እንደማይችል አሰላ። ኤዲንግተን በአደባባይ ተቃወመው፤ ኖቤል የተሸለመው በ1983 ነው። ከባድ ኮከብ ብረት እስኪሠራ ድረስ ያዋህዳል። ብረትን ማዋሃድ ግን ጉልበት አያስገኝም፤ ማገዶው አመድ ይሆናል። እምብርቱ ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይደረመሳል፣ የቀረው አካል ይፈነዳል። ሱፐርኖቫ የሚባለው ይህ ነው። በ1054 ቻይናውያን ተመልካቾች በቀን ሳይቀር የታየ አዲስ ኮከብ መዝግበዋል፤ ፍርስራሹ ዛሬም በቴሌስኮፕ ይታያል። ከፍንዳታው የሚተርፈው ኒውትሮን ኮከብ ወይም ብርሃን እንኳ የማያመልጠው ጥቁር ጉድጓድ ነው።

የፍንዳታው ትቢያ ከጠፈር ጋዝ ጋር ተቀላቅሎ አዳዲስ ከዋክብትንና ፕላኔቶችን ይሠራል። ማርጋሬትና ጄፍሪ በርቢጅ፣ ፋውለርና ሆይል በ1957 ይህን የንጥረ ነገር አመጣጥ በአንድ ጥናት አሰናሰሉት። የማረሻው ብረትና ደማችንን የሚያቀላው ብረት ከፈነዱ ከዋክብት የመጡ ናቸው። በነሐሴ 2017 ሁለት ኒውትሮን ኮከቦች ሲጋጩ በተደረገው ምልከታ እንደ ወርቅ ያሉ ከባድ ንጥረ ነገሮች በእንዲህ ያለ ግጭት እንደሚፈጠሩ ታይቷል። የጋብቻ ቀለበት ታሪክ ከአንጥረኛው በፊት ብዙ ይሄዳል።

ያልተዘጋው መዝገብ

ቅርባችን ያለችው ኮከብ ገና ያልተመለሱ ጥያቄዎች ይዛለች። ገጿ 5,500 ዲግሪ ሆኖ ሳለ ከገጿ በላይ ያለው ስስ ከባቢ፣ ኮሮና፣ ከሚሊዮን ዲግሪ በላይ ይሞቃል። ከእሳቱ በራቅን ቁጥር መሞቅ ማለት ነው። የመግነጢስ ኃይሏ እንዳለበት ይታመናል፤ ዝርዝሩ ግን አልተቋጨም። ለዚህ የተላከችው ፓርከር የተባለች መንኮራኩር በታኅሣሥ 2024 ከፀሐይ ገጽ 6.1 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ አልፋለች። ጉዳዩ ኑሯችንን ይነካል። በ1859 የደረሰው የፀሐይ ማዕበል የቴሌግራፍ መስመሮችን አውኮ ነበር፤ በሳተላይትና በኤሌክትሪክ ለሚኖር ዓለም የዚያ ብጤ ማዕበል ከባድ ኪሣራ ነው።

ከየት እንጀምር?

በመጀመሪያ ጥንቃቄ። ፀሐይን በባዶ ዓይን፣ በራጅ ፊልም ወይም በጠቆረ ጠርሙስ አትመልከቱ፤ የዓይን ጉዳቱ ሳያምም ይደርሳል። ካርቶን በመርፌ ብሱና ብርሃኑን ነጭ ወረቀት ላይ ጣሉት፤ የምታዩት ክብ የፀሐይ ምስል ነው። በሰኔ 2020 ላሊበላ ላይ እንደታየው ያለ የቀለበት ግርዶሽ ሲመጣ የዛፍ ቅጠሎች ቀዳዳ ይህንኑ ሥራ ይሠራል፤ መሬቱ በቀለበቶች ይሞላል።

ለሌሊቱ መሣሪያ አያስፈልግም። በጥር ምሽት ኦሪዮንን ፈልጉ፤ ቀላ ያለው ቤቴልጅዩስና ሰማያዊ ነጩ ራይጀል በአንድ ሥዕል ውስጥ ሙቀትን በቀለም ያሳዩዋችኋል። በግንቦት ምሽት ወደ ደቡብ ዙሩ፤ የደቡብ መስቀልንና ከጎኑ ጎረቤታችን አልፋ ሴንታውሪን ታያላችሁ። በዚያው ሌሊት ወደ ሰሜን ብትዞሩ የሰሜን ኮከብ ከአድማሱ ከተዘረጋ እጅ ጭብጥ ብዙም ሳይበልጥ ይቆማል። ዋሽንግተን ወይም ስቶክሆልም ያለ ዘመድ የደቡብ መስቀልን ከደጁ ሆኖ አያይም። ሁለቱንም ከአንድ ደጅ ማየት ለእኛ የተሰጠ ሀብት ነው፤ ልጆቻችን ሳያውቁት ማደጋቸው ያሳዝነኛል። እንጦጦ ላይ፣ በ3,200 ሜትር ከፍታ፣ ባለ አንድ ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል፤ የቀረው የሚያዩባቸውን ማብዛት ነው።

ዛሬ ማታ ከቡና የሚደርሰን ብርሃን ጉዞ የጀመረው በዘመነ መሳፍንት፣ ካሣ ኃይሉ (የኋላው ዐፄ ቴዎድሮስ) ገና ልጅ ሳለ ነው። ያኔ የአንድም ኮከብ ርቀት አልታወቀም፤ ከምን እንደተሠሩ፣ በምን እንደሚነዱ የሚያውቅ አልነበረም። እዚህ የዳሰስነው ዕውቀት አብዛኛው የተገኘው ያ ብርሃን መንገድ ላይ ሳለ ነው። ዛሬ ከቡና የሚነሣው ደግሞ ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ ይደርሳል። የሚያነቡት እንዲኖሩ ዛሬ አንድ ልጅ እጁን ይዘን ወደ ደጅ እንውጣ፤ ያ ቀዩ፣ ያ ሰማያዊው ለምን ተለያዩ ብለን እንጠይቀው።